የሌለው ሰው ማጭድ

ፋዲላ ሷሊሕን እንደገና ያየችው ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ነው፤ ከመንደሩ ከጠፋ ከወር በኋላ፣ በጣልያን ካሚዮን ላይ ተቀምጦ።

አባቷ ሙሳ ከመንገዱ ማዶ ሚዛኑ ዘንድ ጥጥ ያስመዝናል። እሷ ከወዲህ በኩል ግራር ሥር ቆማ ጆንያ ትጠብቃለች። ከደሴ በኩል የመጣው ካሚዮን ገበያው መሃል ሲደርስ ግመሎች መንገዱን ዘጉበትና ቆመ። በጣውላው ግድግዳ ላይ የሰዎች ራስና ትከሻ ብቻ ይታያል። ከነዚያ ራሶች አንዱ የሷሊሕ ነበር።

ጸጉሩ አድጓል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። ቢሆንም እሱ ነው። ዓይኑ የገበያውን ሰው እያለፈ መጥቶ እሷ ላይ አረፈ። እጇን ልታነሣ ስትል ሷሊሕ ፊቱን ቀስ ብሎ አዞረና ጨርሶ እንደማያውቃት ሰው ግመሎቹን ያይ ጀመር። ዝንብ ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈችበት። ጉንጩን በትከሻው ጠረገ። ካሚዮኑ ሲነሣም ወደ እሷ አልዞረም።

«የመሪያም ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ ከኋላዋ አንድ ሽንኩርት ሻጭ።

«ነው እንጂ። እግሩን ቢያመው መኪና ሰጡት» አለ ጎረቤቱ።

«ይስጡት። እኛ በእግራችን እንሂድ፣ ባንዳ በመኪና ይሂድ።»

ሁለቱ ተሳሳቁ። ፋዲላ የጆንያውን አፍ አጥብቃ አሰረች፤ በጣም ስላጠበቀችው አባቷ ቤት ገብቶ ቋጠሮውን በቢላ ቆረጠው። ያናደዳት ሷሊሕ ባንዳ መሆኑ ይሁን ፊቱን ማዞሩ አልለየላትም። የኋለኛው የበለጠ እንዳመማት ስታውቅ ደግሞ በራሷ አፈረች።

*

ሾላ በር ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፣ ቆላው ላይ ያለች መንደር ናት። ማሽላና ጥጥ ይበቅልባታል። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ ጅረት ማዶና ማዶ ይተያያሉ። ወጣቶቿ ወንፈል አላቸው፤ ዛሬ የአንዱን ማሳ ተጋግዘው ይሠራሉ፣ ነገ የሌላውን። ወንፈል በየአገሩ አለ። የሾላ በር ወንፈል የሚለየው በስብሰባው ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት መንገድ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ይቀመጣሉ። ብረት ይዞ መናገር ነውር ስለሆነ እያንዳንዱ ማጭዱን ፊቱ ያስቀምጣል፤ መያዣው ወደ ባለቤቱ፣ ስለቱ ወደ መሃል። ሁሉም ሲያስቀምጥ ማጭዶቹ ክብ ይሠራሉ። አንድ ጊዜ ሙስሊሙ ዱዓ ያደርጋል፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል። በሚቀጥለው ክርስቲያኑ ይመርቃል፣ ሙስሊሙ አሚን ይላል። ተራ ተምታቶ አያውቅም። የሚናገረው ጥንቅሽ የያዘ ሰው ብቻ ነው። ጥንቅሽ የሚመጠጥ ጣፋጭ አገዳ ስለሆነ ወሬ የሚያበዛ ሰው ሲገጥማቸው «ላጠው» ይሉታል። ያን ጊዜ ተናጋሪው ወሬውን አቁሞ አገዳውን ልጦ ማካፈል አለበት። ጥንቅሽ ሳይዝ የተናገረ ደግሞ ለሠራተኛው ውኃ ይቀዳል።

ጣልያን ሰው ተሰብስቦ እንዳይታይ ከከለከለ ወዲህም ይህን አልተዉም። አንድ ሰው ኩይሳ ላይ ወጥቶ መንገዱን ያያል። ወታደር ከመጣ ሁሉም ማጭዱን አንሥቶ ሣር ያጭዳል፤ ሲያልፍ ይመለሱና ንግግሩ ከቆመበት ይቀጥላል።

ፋዲላ ወደዚህ ክብ የመጣችው አምና፣ አባቷ ልኳት ነበር።

«ጥጤን እንዲለቅሙልኝ ንገሪያቸው። እከፍላለሁ በያቸው» አላት።

ጥንቅሹን ተቀብላ እንደተባለችው ተናገረች። ከዚያ አንድ ቀጭን ረዥም ልጅ ጥንቅሹን ከእጇ ወሰደ።

«ወንፈል አይሸጥም» አለ። «ጥጡ እንዲለቀም የሚፈልግ ቤት አንድ ሰው ማጭድ አስይዞ ይላክ።»

«ወንድም የለኝም» አለች ፋዲላ።

«ጥንቅሽ ሳትይዢ ተናገርሽ» አለች ከጎኗ ትርንጎ የምትባል ክርስቲያን ልጅ። «ነገ ውኃ ያንቺ ነው።»

ብዙ ነጋዴ የሚያከብረው የሙሳ ልጅ ውኃ ትቀዳለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በማግስቱ ግን እንስራዋን አዝላ መጣች። በእጇ ከሮቢት ገበያ የተገዛ አዲስ ማጭድ ይዛለች። ረዥሙ ልጅ ሷሊሕ ነበር። ማጭዱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ይኸ ለማጨድ ነው ወይስ ፊት ለማየት?»

«ለሁለቱም» አለች።

ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማጭዱን በድንጋይ ሳለላትና፣ ብልጭታው ሁሉ ከጠፋ በኋላ መለሰላት።

የሷሊሕ አባት ሞቷል። እናቱ መሪያም የእኩል አራሽ ናት፤ ከምታመርተው ግማሹ የባለመሬት ነው። የሙሳ ልጅና የእኩል አራሽ ልጅ በሌላ ቦታ አጠገብ ላጠገብ አይቀመጡም። በክቡ ግን ማጭድ የሚቀመጠው በአመጣጥ ነው። ጎን ለጎን መሆን የሚፈልግ አብሮ መድረስ አለበት፤ ሁለቱም አብረው መድረስ ጀመሩ።

«አንድ ዶሮ ነው እንዴ የሚቀሰቅሳችሁ?» አለቻቸው ትርንጎ።

ክቡ ለሌለ ሰውም ቦታ አለው። የታመመ ወይም መንገድ የሄደ ሰው ካለ፣ ከወንፈሉ አንዱ የእሱን ማጭድ ከራሱ ማጭድ ጎን ያስቀምጥለታል። ያስቀመጠው ሰው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ስለ ሌለው ሰው ስምም እሱ ይጠየቃል። ማጭዱ ክቡ ውስጥ እስካለ ድረስ የባለቤቱ ማሳ ተራውን አያጣም፤ የሚያስቀምጥለት ከጠፋ ግን ተራው ይቀራል። ወንድ ለማንኛውም ጓደኛው ያስቀምጣል። ሴት የምታስቀምጠው ለወንድሟ ወይም ለምታገባው ሰው ብቻ ነው። ይህን ያወጀ የለም፤ የማያውቀውም የለም።

ሷሊሕ ሊጠፋ ሰሞን፣ ከጥጥ ለቀማ ሲመለሱ፣ «እኔ ብጠፋ ማጭዴን ማን ያስቀምጥልኛል?» ብሎ ጠየቃት።

«ጓደኛህ ተፈራ።»

«ተፈራ ባይኖርስ?»

ገባት። «መጀመሪያ ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«አባትሽ ጋ? ምን ይዘው ይሂዱ?»

«አፋቸውን።»

ሁለቱም ሳቁና ተለያዩ። በሳምንቱ ሷሊሕ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የአሊዩ አምባ ነጋዴዎች ለልጃቸው ለአብዱልሀኪም ሽማግሌ ላኩ። ሙሳ ላስብበት ብሎ አቆይቷቸው ነበር። ካሚዮኑ ገበያ ባለፈ ማግስት ግን ለዓርብ ይምጡ ብሎ ላከባቸው። ፋዲላ እሺም እምቢም አላለችም። ለሷሊሕ ጥያቄ ቀልድ መልሳለታለች፤ ያ ቀልድ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል።

*

የማሽላው ስብሰባ ቀን ሁሉም ከመቀመጣቸው በፊት የሚሆነውን ያውቁ ነበር። የወንፈሉ አለቃ ተፈራ የመጣው የራሱን ማጭድ ብቻ ይዞ ነው። ሷሊሕ ከጠፋ ጀምሮ በየስብሰባው ሁለት ያመጣ ነበር። ሁለተኛውን ማጭድ የያዘችው መሪያም ናት፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ከክቡ ውጭ ቆማለች።

«እትዬ መሪያም፣ ይቀመጡ» አለ ተፈራ።

«ቆሜ እሰማለሁ ልጄ።»

ማሳዋ ደርሷል። ግሪሳ ወፍ ከሰሞኑ የጎረቤቷን መንደር የቀበሮ ሜዳን ማሽላ ባንድ ጧት አራግፎት ሄዷል። መሪያም ብቻዋን ብታጭድ ወፉ ይቀድማታል። ዛሬ ተራዋ ከቀረ የዓመት ቀለቧ የለም።

የተፈራ ተራ ስለነበር መረቀ፤ ሙስሊሞቹ አሚን አሉ። ከዚያ ጥንቅሹን አነሣ።

«የሷሊሕን ማጭድ እስከ ዛሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ወንድሜ ነበር። ግን ያስቀመጠ ሰው ይጠየቃል። ባለፈው ወር የአጎቴን ጎተራ ያቃጠሉት ጣልያኖች መንገዱን ያወቁት በሰው ነው። ዘመዶቼ ‹ማን መራቸው?› ሲሉኝ፣ ‹ማጭዱን ያስቀመጥኩለት ልጅ በካሚዮናቸው ይሄዳል› ልበላቸው?»

ትርንጎ እጇን ዘረጋችና ጥንቅሹን ተቀበለች። «የገበያ ወሬ ነው። ሽንኩርት ሻጭ ያየውን አይደለም፣ የሰማውን ነው የሚሸጠው። ያየ ሰው ከኛ መካከል ካለ ይናገር» አለች።

ይህን ያለችው ሷሊሕን ልታድን ነበር። ያየ ሰው መኖሩን አላወቀችም። ፋዲላ ዝም ብትል የሚያስገድዳት አልነበረም፤ ግን በክቡ ውስጥ ዝም ብሎ መዋሸትን አልቻለችበትም። እጇን ዘረጋች።

«እኔ አይቼዋለሁ። ካሚዮኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።»

«እሱስ አየሽ?» አለ ተፈራ። ጥንቅሽ አልያዘም ነበር። ውኃ ቅዳ ያለው ግን የለም።

«አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።»

«የኔ ልጅ ሰው አይቶ ፊቱን አያዞርም» አለች መሪያም ከውጭ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ሁሉም የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው።

ፋዲላ ጥንቅሹን እንደያዘች ቀረች። እውነቱን ተናግራለች። እውነት መናገር ያቀላል ሲባል ሰምታ ነበር፤ እሷ ግን ከበዳት።

የአንድ ሰው ቦታ ሲቀር ክቡ ይጠብባል። ክፍተቱ እንዳይታይ ማጭዶቹ ይጠጋጋሉ። ይህን የሚያደርገው አለቃው ነው። ተፈራ ጎንበስ ብሎ በስተግራው ያሉትን ማጭዶች አንድ በአንድ ሰበሰበና በሁለት ክንዱ አቀፋቸው። ቀና ሲል ዝንብ ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈችበት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልሄደችም። ጉንጩን በትከሻው ጠረገ።

ፋዲላ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ተፈራ» አለች። «ዝንቧን በምን አባረርካት?»

«ምን?»

«አሁን። ፊትህን በምን ጠረግከው?»

«በትከሻዬ ነዋ። እጄ መቼ ባዶ ነው?»

«እሱም በትከሻው ነው የጠረገው።»

ተፈራ አልገባውም። ትርንጎ ግን ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ሷሊሕን ነው የምለው» አለች ፋዲላ። «ዝንብ ዓይኑ ላይ አርፋበት እጁን አላነሣም። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዝንብ፣ ሁለት እጅ ያለው ሰው ፊቱን በትከሻው አይጠርግም። እኔ ከታች ሆኜ ያየሁት ራሱንና ትከሻውን ነው። እጁን ጣውላው ጋርዶታል። እጁ ታስሮ ነበር።»

«ታዲያ ፊቱን ለምን አዞረብሽ?» አለ አንዱ ጥንቅሽ ሳይዝ።

«ፊቱን ባያዞር እሮጥ ነበር» አለች። ይህን ስትናገር ነው እሷም የገባት። «ወደ ካሚዮኑ እሮጥ ነበር። ከዚያ ወታደሮቹ ይህች ማን ናት፣ ይህን ሰው ከየት ታውቀዋለች፣ መንደሩ የት ነው ይላሉ። የማያውቀኝ ከሆነ ግን የሚጠይቀኝ የለም።»

ተፈራ ማጭዶቹን እንዳቀፈ ነው።

«በዝንብ ምስክርነት ነው እንግዲህ» አለ። እያላገጠባት አልነበረም፤ ማመን የፈለገና የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። «ብትሳሳቺስ ፋዲላ?»

«ያስቀመጠ ይጠየቃል አላልክም? እኔ ልጠየቅ።»

ጥንቅሹን ለትርንጎ ሰጥታ ከክቡ ወጣች። መሪያም ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። መሪያም የጠቀለለችውን አልሰጠቻትም።

«ልጄ፣ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽስ?»

«ሾላው መንገድ ዳር ነው። ሲያልፉ ያዩታል።»

መሪያም ነጠላዋን ፈታች። ማጭዱ አሮጌ ነው፤ መያዣው በእጅ ብዛት መሃሉ ላይ ቀጥኗል። ፋዲላ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና ከራሷ ማጭድ ጎን አስቀመጠችው፤ መያዣውን ወደ ራሷ፣ ስለቱን ወደ መሃል።

«ወንድም የለሽም» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ። ነገሩ በሁሉም ፊት እንዲነገር ብላ ነው።

«የለኝም» አለች ፋዲላ።

ተፈራ ያቀፋቸውን ማጭዶች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰ። ክቡ እንደ ቀድሞው ሰፊ ሆነ።

ፋዲላ የምትፈራ መስሏት ነበር። የተሰማት ግን እፎይታ ነው፤ ያን ቀን በቀልድ ያለፈችውን ጥያቄ አሁን መለሰች። ጠያቂው መልሱን አለመስማቱ ብቻ አናደዳት።

*

አባቷ አይቷል። ቤት ሲገባ በቅሎውን ራሱ አሰረ፤ ሌላ ቀን ሰው ያስረዋል። ምሳ ቀረበለት፤ ነካ ነካ አድርጎ ተወው።

«ዓርብ ሰዎቹ ይመጣሉ» አለ።

«አውቃለሁ አባ።»

«ልጁን ባንዳ ነው ይሉታል።»

«ይላሉ። አንቱስ ምን ይላሉ?»

ሙሳ ብዙ ዓመት ነግዷል። ሲዋሽም ሲገዛም የሰው ዓይን እያየ ነው። አሁን ግን ፊቱን አዞረና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮርቻ ያይ ጀመር። ፋዲላ ያን አዟዟር ታውቀዋለች፤ ሰሞኑን አንድ ጊዜ አይታዋለች። ያ ፊት የዞረው ሊያድናት ነበር። ይህኛው ለምን እንደ ዞረ ለመጠየቅ አልደፈረችም። አባቷን እየጠረጠረች አጠገቡ መቀመጥ ከቁጣው ይልቅ ከበዳት።

*

የመሪያም ማሳ ከሾላው በታች፣ ጅረቱ ዳር ነው። ወንፈሉ በማግስቱ ፀሐይ ሳይበረታ ገባበት። ፋዲላ ሁለት ረድፍ ይዛለች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የሷሊሕ። በቀኝ የራሷን አጭዳ ወደ ኋላ ትመለስና የሱን ትጀምራለች። የያዘችው የሱን ማጭድ ነው። መያዣው በሱ እጅ ልክ ስለ ቀጠነ መዳፏን ላጠው። አልለወጠችውም።

አንድ ጊዜ ቀና ስትል የሷሊሕ ረድፍ ከፊቷ ብዙ ርቀት ታጭዶ አገኘችው። ትርንጎ ከጎኗ እያፏጨች ታጭዳለች።

«ትርንጎ፣ ይኸ በደንቡ ይፈቀዳል?»

«ምኑ?»

«የኔን ረድፍ እያጨድሽ ነው።»

«ዓይኔ ነው የደከመኝ። ረድፍ ሳትኩ።»

ግሪሳው በማሳው ላይ እንደ ጭስ አንድ ጊዜ ዞረ። ማሽላው እየወደቀ መሆኑን አይቶ ነው መሰል ወደ ጅረቱ ወረደ። መሪያም ከዳር ቆማ ወንጭፏን እንደያዘች ሣቀች። ከወር ወዲህ ስትሥቅ ማንም አላየም ነበር።

ሙሳ የመጣው ማሳው ወደ ማለቁ ሲል ነው። ከበቅሎው ወርዶ ድንበሩ ላይ ቆመ።

«አላህ ያግዛችሁ» አለ።

«አሚን» አሉ፤ ክርስቲያኖቹም ጭምር።

መንገደኛ ይህን ብሎ ያልፋል። ሙሳ አላለፈም። ቃርሚያውን እየረገጠ መሃል ድረስ ገባ። ፋዲላ ቀና ብላ የሷሊሕን ማጭድ ከጀርባዋ አደረገች፤ ይነጥቀኛል ብላ ሳይሆን መዳፏን እንዳያይባት።

«ያን አገዳችሁን ስጡኝ» አለ ሙሳ።

ተፈራ ለአፍታ አመነታ። ከዚያ ከማሳው አንድ ጥንቅሽ ሰብሮ ሰጠው። ሁሉም ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ሙሳ አገዳውን ነጋዴ ሚዛን እንደሚይዝ በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ያን ቀን ከካሚዮኑ ወዲያኛው ጎን ነበርኩ» አለ። የሚያየው መሪያምን ነው። «በኔ በኩል ጣውላው ወርዶ ነበር። እጁ ከወንበሩ ጋር በጠፍር ታስሯል። ከኋላው ዘበኛ ነበር። ለዘበኛው ትንባሆ ሰጥቼ ጠየቅሁት። ለአርበኞቹ ስንቅ አቀብሏል ብለው ይዘውት ነው። ወደ ጣርማ በር፣ ለመንገድ ሥራ ወስደውታል። በሕይወት አለ መሪያም። እስከ ትናንት ድረስ አለ፤ ከዚያ የመጣ ሰው አግኝቼ ጠይቄያለሁ።»

የመሪያም ወንጭፍ ከእጇ ወደቀ።

«አውቄ ዝም አልኩ» አለ ሙሳ። «ወሬው ጠቀመኝ። ልጄ ትጠላዋለች፣ ነገሩ በራሱ ያልቃል አልኩ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ለአንዲት ልጅ አባቷ የሚያስበውን ነው ያሰብኩት፤ ደግሞ ዘመኑን ታውቃላችሁ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስትነግድ እስረኛ አውቃለሁ ብሎ መናገር፣ ጥጡም መንገዱም በእነሱ እጅ ሆኖ፣ ሰው ደግሞ ቤቱን...»

«ላጠው፣ ጋሼ ሙሳ» አለች ትርንጎ።

ሙሳ አያት። በዚያ አገር እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንድ ማጭድ አነሣና አገዳውን ይልጥ ጀመር። አልለመደውም፤ አንዱን ልጣጭ ከሥጋው ጋር አወጣው። የመጀመሪያውን ቁራጭ ወስዶ ለመሪያም ዘረጋላት።

መሪያም ትኩር ብላ አየችው። እጁ ተዘርግቶ ቆየ። ተቀበለችው። ቶሎ ወደ አፏ አልወሰደችውም፤ ከዚያ ነከሰችው፣ እንባዋም ከጥንቅሹ ውኃ ጋር በአገጯ ወረደ።

ሙሳ ሁለተኛውን ቁራጭ ይዞ ወደ ልጁ መጣ።

«ዓርብ የሚመጣ ሰው የለም» አላት ቀስ ብሎ። «እንዳይመጡ ልኬባቸዋለሁ።»

ፋዲላ ቁራጩን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ መዳፏን አየው። ተፈራ ደግሞ ማንንም ሳያይ እንስራውን አንሥቶ ወደ ጅረቱ ወረደ። በስብሰባው ቀን ጥንቅሽ ሳይዝ ተናግሯል፤ ውኃው የሱ ነው።

ማሳው አለቀ። አንድ አገዳ ብቻ መሃል ላይ ቆሟል፤ ራሱ ቀይ፣ ፍሬው የሞላ። ይህም የወንፈሉ ልማድ ነው። የሌለ ሰው ማሳ ሲታጨድ የመጨረሻው አገዳ አይቆረጥም፤ ባለቤቱ መጥቶ በእጁ ይቆርጠዋል። ባለቤቱ የማይመጣ ከሆነ ወንፈሉ ቆርጦ ለእናቱ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ልቅሶ ይጀመራል። የሚወስነው ማጭዱን ያስቀመጠው ሰው ነው።

ተፈራ ከጅረቱ ተመልሶ እንስራውን አወረደ። እንደ ደንቡ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው።

«ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?»

ፋዲላ መጠበቅ የማትወድ ልጅ ናት። ውኃ እስኪፈላ እንኳ ቆማ አታውቅም። ከጣርማ በር ማን እንደሚመለስ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚነግራት የለም። አገዳውን አየችው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ መንገዱ ወደሚወጣበት ተራራ አየች።

«ይቆይ» አለች።

«ወፍ ይበላዋል» አለ አባቷ።

ሙሳ ወደ አገዳው ሄደ። ለጁምዓ ብቻ የሚለብሳትን ነጭ ፎጣ ከትከሻው አወረደና የማሽላውን ራስ ጠቀለለው። ከሥሩ አጥብቆ ሊያስረው ሲሞክር ጣቶቹ አልታዘዙትም።

ፋዲላ መጥታ ጫፉን ከእጁ ወሰደች። እሷ ስታስር ቋጠሮ እንደማይፈታ ሁለቱም ያውቃሉ። ዛሬ ግን ላላ አድርጋ አሰረችው፤ ሰውየው ሲመጣ በእጁ እንዲፈታው። አስራ ስትጨርስ ነው፣ ካሚዮኑ ካለፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል ያለቀሰችው።